ጓደኛዬን ጋቢና ያስቀመጥኩት ለታ

ከጎንደር ደባርቅ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። ረዳት ስላችሁ እንደማንኛውም ረዳት እንዳይመስላችሁ። አንዴ ያየሁትን ፊት አልረሳም። በሩ ላይ ቆሜ ሳላቋርጥ ዳባት ድረስ ማውራት እችላለሁ። የተኳረፉ ባልና ሚስት የኋላ ወንበር ላይ ጭኜ አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ አስቄ አስታርቄያለሁ። ትምህርት ላይ ብቻ እንጃ። እኔና ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ተስማምተን ነው የተለያየነው፣ ሽማግሌ እንኳ አላስፈለገንም።

ሰው ጉዳዩን ለኔ ይነግረኛል። እኔም መልስ አላጣም። ሚስቱ ለኮበለለችበት «ተዋት»፣ ከሥራ ለተባረረ «ያልፋል»፣ ለሌላው ሁሉ «ሳቅ በልበት»። የኔ ምክር እንደ ጤና ጣቢያ ክኒን ነው፣ ለራስም ለሆድም ያው ይታዘዛል።

አንዴ ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ የምትማር ልጅ ይሄን ምክር ስሰጥ ሰማችኝ። የምክር አገልግሎት ነው የምታጠናው። «ሰው ከመምከርህ በፊት ራስህን በሱ ቦታ ማስቀመጥ አለብህ» አለችኝ። «እኔማ ሥራዬ ነው» አልኳት፤ «ረዳት የራሱ ወንበር የለው! ሁልጊዜ የሰው ቦታ ላይ ነው የምቀመጠው።» መኪናው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ግን ፈተና የወደቀ ተማሪ እንዳየ አስተማሪ ነው የሳቀችው።

ያን ጠዋት መናኸሪያ ቆሜ «ዳባት! ደባርቅ! የሞላ!» እያልኩ ስጮህ አንድ ቄስ ክንዴን ያዙኝ። መኪናው እንኳን ሊሞላ ሹፌሩ ራሱ አልገባም ነበር። ዞር ስል የጓደኛዬ ቤተሰብ የነፍስ አባት ናቸው።

ጓደኛዬ ማለት አንድ ሰፈር አብሮኝ ያደገ ልጅ ነው። ያን ሰሞን ደባርቅ ላይ የሚሠራ ሆቴል ውስጥ የወለል ሴራሚክ ያነጥፍ ነበር። አባቱ መሪጌታ ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። እኔን እንኳ ፊደል ሊያስተምሩኝ ሞክረው ነበር። እሳቸው ናቸው ቀድመው የደከሙት።

«የኔታ ዐረፉ» አሉኝ አባ።

«ምን?»

«ሊነጋ ሲል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጁን ይዘህልን ና። እንዳይሰማ ግን።»

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ደንብ አለው። ሰውየው ቤት ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኙ ቆሞ፣ ሽማግሌ ነው የሚነግረው። የጓደኛዬ እናት ደግሞ በዚህ ነገር ከማንም ትብሳለች። የአባቷን ሞት የሰማችው ገበያ መሀል፣ እህል እየሸመተች፣ ከማታውቀው ሰው አፍ ነው። የሚደግፋት አልነበረም፣ ወደቀች፣ ሰውም ዙሪያዋን ቆሞ አያት። እስካሁን በዚያ ገበያ በኩል አታልፍም። አሁንም ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ አባ፦ «ልጄ መንገድ ላይ እንዳይሰማ። የሚይዘው በሌለበት እንዳይሰማ።»

«ምን ብዬ ላምጣው?» አልኩ።

«አባትህን ትንሽ አሟቸዋል በለው።»

«አባ፣ ትንሽ አሟቸዋል ማለትኮ ሞተዋል ማለት ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ገና አልተወለደም።»

አባ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። «እንግዲያ ሌላ ፈልግ። አንተ መቼም ውሸት አታጣም። እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ይኸው አስቀድሜ ብዬሃለሁ።» ሊሄዱ ካሉ በኋላ ተመለሱ። «ምክርህን ግን እዚሁ መናኸሪያ ተወው። ቀልድህን ብቻ ይዘህ ሂድ።»

ሹፌራችንን አያ ነው የምለው። በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። ስነግረው ኮፍያውን አወለቀ፣ አማተበ፣ መኪናውን አስነሳና «የልጁን ስልክ ተቀበለው» አለኝ። «ፌስቡክ ከኛ ይፈጥናል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የደባርቅ መንገድ ረዘመብኝ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። አንዲት ሴትዮ «ምነው አንተ ልጅ፣ ቁንጫ ገባብህ እንዴ?» አለችኝ። አንዱን ተሳፋሪ ሁለቴ ሒሳብ ጠይቄው ሊመታኝ ነበር። በልቤ ውሸት እየመረጥኩ ነበራ! ሥራ አግኝቼልሃለሁ ብለው አይመጣም። እናትህ ታማለች ብለው ያው ነው። አንዱን አነሳለሁ፣ አንዱን እጥላለሁ። ደባርቅ መግቢያ ላይ ሸጋው ውሸት መጣልኝ።

ሆቴሉ ጋ ስደርስ ከውስጥ ዜማ ይሰማኛል። ሲሠራ ያዜማል፣ ራሱ አያውቀውም። የአባቱ ዜማ ነው። የኔታ ከበር ላይ ቆመው ተማሪ ዜማ ሲያስጠኑ የሰማው ሁሉ በአፉ ቀርቷል፣ ቃሉን እንኳ በደንብ አይዘውም። እኔም በሩ ላይ ቆምኩ። እግሬ አልገባም አለኝ።

ቀና ብሎ አየኝና «አንተ ወሬኛ! ምን እግር ጣለህ?» አለ።

«ተነስ ታጠብ!» አልኩት እየጮህኩ። «ለእህትህ ሽማግሌ ተልኳል! አባትህ ልጄ ካልመጣ መልስ አልሰጥም ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አንተን ነው የሚጠብቁት!»

አያችሁ? ይሄ ውሸት አገር ያህል ነው። የተሰበሰቡ ሽማግሌዎችን እንኳ ቢያይ አይደነግጥም። በራሴ ኮራሁ። ኩራቴ የቆየው ግን ፊቱን እስካይ ነው። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። መዶሻዋን ጥሎ አቀፈኝ፣ ሲሚንቶውን ሁሉ ደረቴ ላይ አራገፈው።

«ማነው ልጁ?»

«ባንክ ቤት ነው የሚሠራ።»

«መልኩስ?»

«እኔን አያህልም፣ ግን ለክፉ አይሰጥም።»

ታጠበ፣ የሰንበት ሸሚዙን ለበሰ፣ ፀጉሩን ውኃ አስነካ። «ለአባቴ መጣሁ ልበለውና» ብሎ ስልኩን አወጣ። ቀማሁት።

«የኔ ዘግቷል፣ አንዴ ልደውል» አልኩና ፊቴን አዙሬ አጠፋሁት። «ውይ፣ ባትሪህ አለቀ!»

«አሁን ሰማንያ ነበርኮ!»

«የደባርቅ ብርድ ነዋ! ባትሪ ይጨርሳል።» ኪሴ ከተትኩት።

መኪናው ጋ ስንደርስ የፊቱን በር ከፍቼ «ጋቢና ግባ» አልኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጋቢና? እኔ?»

እውነቱን ነው። እኔ ጋቢና የማስቀምጠው ቄስ፣ ፈረንጅና ቆንጆ ሴት ነው። እሱን ሁልጊዜ ጎማው ላይ ካለው፣ ጉልበት ከሚሰብረው ወንበር ነው የምወረውረው። «የሙሽሪት ወንድም ነህ» አልኩት። ገባ። አያ ሰላም አለውና እጁን ትንሽ ይዞ አቆየው። እግዜር ይይለት፣ ያ ዝምተኛ ሰው እንኳ ሊያጋልጠን ነበር።

ከዚያ ማውራት ጀመርኩ። ሙሽራው እንዴት እንደሚራመድ አሳየሁ። ሠርጉ ላይ እኔ አንደኛ ሚዜ ሆኜ ምን እንደምለብስ ተናገርኩ። ተሳፋሪው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ እኔ ብቻ ላብ ያጠምቀኛል። ዝም ካልኩ የሚወድቅ ነገር ተሸክሜ የምሮጥ ነበር የሚመስለኝ። ዳባት ላይ ቆመን ሻይ ገዛሁለት።

«ምነው ዛሬ ሸጋ ሆንክ?» አለኝ ብርጭቆውን ይዞ።

«ሁሌም ሸጋ ነኝ።»

«ሁሌማ የኔን ሻይ ትቀማኛለህ እንጂ አትገዛልኝም።» አየኝ። እኔ ጎማውን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ጎማው ምንም አልሆነም።

ዳባት ላይ የወረዱ ስለነበሩ ከኋላዬ ወንበሩ ባዶ ነው። አምባ ጊዮርጊስን አለፍ እንዳልን አንዲት ሴት ከመንገድ ዳር ቆማ እጇን ዘረጋች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። ለቅሶ ልትሄድ ነው ማለት ነው። ፊት አልረሳም ብያችሁ የለ? የየኔታ እህት ናት። አንድ ጊዜ ለክርስትና መጥታ የሰፈሩን ዘፈን ሁሉ ለብቻዋ ዘፍና የሄደች ሴት።

አያ ፍሬን ሊይዝ ሲል በሩን በእጄ ደበደብኩ። «ሞልቷል! ንዳው አያ፣ ንዳው!»

አያም ነዳው። ሴትዮዋ እጇን እንደዘረጋች ቀረች፣ ከዚያ አወረደችው። ከኋላ የነበረ ገበሬ «የቱ ነው የሞላው?» ብሎ ባዶውን ወንበር ነካ ነካ አደረገ። ማንም አልሳቀም።

ጓደኛዬ ስፖኪዮውን ያያል።

«አክስቴ ናት» አለ።

«የታለች?»

«ጥለሃት ያለፍካት። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች።»

«ምናልባት የጎረቤት...»

ዞሮ አየኝ። «ጋቢና አስቀመጥከኝ። ሻይ ገዛህልኝ። ስልኬን ቀማኸኝ። አክስቴን ሜዳ ላይ ጣልክ።» ድምፁ አልጨመረም። «ሽማግሌ የሚባል የለም አይደል?»

አፌን ከፈትኩ።

«አትንገረኝ» አለ እጁን አንስቶ። «ምንም እንዳትነግረኝ። አያ፣ በሞቴ ተመለስ። ብርድ ላይ ቆማለች።»

አያ መኪናውን አዞረ። ቅድም ወንድም እንደሞተባት እያወቅሁ «ሞልቷል» ያልኳት ሴት እዚያው ቆማለች። በሩን ከፈትኩላት። አንድ እግሯን እንዳስገባች ጋቢናውን አየች፣ ልጁን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኗ የሚጠይቀኝ ገብቶኛል፤ ሰምቷል? እኔ ደግሞ መልሱን አላውቀውም። ያልነገሩትን ሰው ሰማ ይባላል?

ሴትዮዋ ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት አንድ ነገር አደረገች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ገልብጣ፣ በደህናው በኩል፣ ለገበያ እንደሚለበሰው አድርጋ ለበሰችው። ሁላችን ፊት። እሱም እያያት።

«ደህና ነሽ አክስቴ?» አላት። «ወዴት ነው?»

«ገበያ» አለች። «ጎንደር ገበያ ነው ልጄ።»

«ሸጋ ነው። እኛም ቤት ሽማግሌ መጥቷል አሉ፣ ለእህቴ።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ ልጄ፣ እሰይ...» እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። «ይሄ ብርድ ዓይኔን...»

«ብርዱ ነው» አላት። ከጋቢና ወርዶ ኋላ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ፣ እጇን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘ። ቅድም «የቱ ነው የሞላው?» ያለው ገበሬ ጋቢውን አውልቆ የሁለቱንም ጉልበት ሸፈነላቸው። እንዲያ እየተዋሸን ኮሶዬን አለፍን። መኪናው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፣ የሚናገርም አልነበረም። እኔ መቀመጫ እያለ ቆሜ ነበር። አንዴ በሩን፣ አንዴ ጣሪያውን እይዛለሁ። ኪሴ ውስጥ የጠፋው ስልክ እንኳ የሚጮህ ይመስለኛል።

ወለቃ ስንደርስ «አስቁምልኝ» አለ።

መንገዱ ዳር ሸክላ ከሚሸጡበት ዳስ ኋላ ዞረ። ተከተልኩት። ግንቡ ሥር ቁጭ ብሎ እጅጌውን ነክሶ ያለቅስ ነበር፣ ድምፅ ሳያወጣ። እጅጌውን የነከሰው መኪናው እንዳይሰማው ነው፣ አክስቱ እንዳትሰማ። እኔም ከላይ ቆሜ ምክሬን ፈለግሁ። «ያልፋል» ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ።

«ዝም በል» አለኝ።

«ምንም አላልኩም!»

«ልትል ነበር።»

ዋጥኩት። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የሸሚዙ እጅጌ ንጹሕ ነው፣ ጥፍሩ ላይ ግን ሲሚንቶው አልለቀቀም። ልይዘው እጄን ዘረጋሁና ትከሻውን ልንካ፣ እጁን ልንካ ሳላውቅ ሸሚዙን ጫፉን ያዝኩ። እንዲያው እንደ ሕፃን። አልተቆጣኝም።

«መቼ ነው?» አለኝ።

«ሊነጋ ሲል።»

«ቀብሩስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«እንዳይሰማ ያለችው እናቴ ናት አይደል?»

«አዎ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «እንግዲህ አልሰማሁም። ገባህ? እስካሁን የሰማሁት የለም። ሽማግሌዎቹ ይነግሩኛል። እናቴ እዚያ ገበያ ሁለተኛ ጊዜ አትወድቅም።»

ሸክላ የምትሸጠው ሴት «ማሰሮ ልስጣችሁ፣ ጋን አለ» እያለች መጣችና አየችው። ማሰሮውን ትታ ውኃ አመጣች። እሷ ስታፈስለት እሱ ታጠበ። ምን ሆንክ አላለችም። እኔ ብሆን ሦስት ጥያቄና አንድ ምክር አስቀድሜ ነበር።

መርዶው የተነገረው የነፍስ አባታቸው ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ጓደኛዬ ገብቶ እንደ ሽምግልና እንግዳ ጎንበስ እያለ ሰላም አለ። «ለእህቴ ነው አሉኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ። አንዱ ሽማግሌ መሬት መሬት አየ። እኔ በቀኙ ቆምኩ። አባ ተነሡ፣ መስቀላቸውን ያዙ። «ልጄ፣ ለሰው ልጅ የተሰጠ ዕድሜ አለው...» ብለው ጀመሩና ነገሩት።

የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያስመስላል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እንዲያ ማስመሰል አይቻልም። ወደ እኔ ሲያዘነብል ያዝኩት፣ ከግራ ደግሞ ሌላ ሰው ያዘው። ያን ጊዜ ገባኝ። ወለቃ ላይ ያልወደቀው የሚይዘው እንደሌለ ስላወቀ ነው። እኔ ሸሚዝ ነበር የያዝኩት። እዚህ ግን እጅ ሞልቷል፣ ወደቀ። እናቱም የፈለገችው ይሄንኑ ነው፣ እንዲወድቅ፣ ግን ሰው ላይ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ እናቱ ጠራችኝ። ተጠግቼ ቁጭ አልኩ። እጄን ያዘችኝ። እጇ ብርድ ነው።

«መንገድ ላይ አልሰማም አይደል ልጄ?»

«አልሰማም እማማ። ስንስቅ ነው የመጣነው።»

«እኮ እየሳቃችሁ?»

«በእናቴ። ጋቢና አስቀምጬው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ጎሽ» አለች። «ጎሽ የኔ ልጅ። በል ብላ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስክም።» እውነቷን ነው፣ እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

በአርባው እህቱ ውሸቴን ሰምታ ኖሮ ተስካር መሀል «ያ ባንክ ቤት የሚሠራው ልጅ የት ደረሰ?» ብላ አሳቀችኝ። እስከዛሬ ስታገኘኝ ትጠይቀኛለች። እኔም «ብድር እያጸደቀ ነው፣ ይመጣል» እላታለሁ። ጓደኛዬን ግን ከዚያ ወዲህ ጋቢና አስቀምጬው አላውቅም። አንዴ በረሳሁት ጋቢናውን ስከፍትለት ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፣ ቶሎ ብዬ የጎማው ወንበር ላይ ወረወርኩት። ተሳደበ፣ ደስ አለው።

ይሄን ጽፌ ለሰው ከማሳየቴ በፊት ጠየቅሁት። ሴራሚክ እየቆረጠ ነበር።

«እናትህ ብትሰማስ?» አልኩት።

«ጻፈው። እሷ መንገድ ላይ እንደገባኝ ያን ቀንም አውቃለች።»

«ማን ነገራት?»

«የአክስቴ ነጠላ ነዋ! አክስቴ መልሳ መዘቅዘቁን ረስታው ገባች። በድንኳኑ ሙሉ ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቆ፣ የእሷ ብቻ በደህናው። እናቴ አይታት፣ አብረን መምጣታችንንም ሰምታ፣ እኔ ፊት እንደገለበጠችው ወዲያው ገባት።»

ቆሜ አሰብኩ። እኔ ያን ያህል ስምል፣ ያን ያህል ጋቢና እያልኩ ስዘላብድ፣ እናቱ ታውቅ ነበር።

«ታዲያ ምነው ጠየቀችኝ?»

የቆረጠውን ሴራሚክ አነሳ፣ አቧራውን እፍ አለው፣ ቦታው ላይ ለካው።

«አንተ እንዳትጨነቅ ነዋ፣ አንተ ጅል።»